በፊታቸው ምን ትሏቸዋላችሁ?

አራት ነበርን። አንደኛው ጨዋታውን የሚመራው፣ ኮምፒውተር የሚማር የአዲስ አበባ ልጅ፤ ሁለተኛዋ ለንደን ያደገች እህቱ፤ ሦስተኛው ምግብ ቤት ሰሃን የሚያጥብ የወሎ ሙስሊም ጓደኛችን፤ አራተኛው ቢሮ የምጠርግ እኔ። ትናንት የልጄን ሱሪ ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ሃያ ገጽ ያለው የመጫወቻ ዳይስ ወጣ። ቀዝቃዛ ጠርዙን ስነካው ሦስቱም ፊቴ ድቅን አሉ።

የምንገናኘው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለንደን ብሪክስተን ሠፈር፣ ወንድምና እህቱ በሚኖሩበት ፍላት ውስጥ ነበር። በመስኮቱ የገበያው የዓሣ ሽታ ይገባል፤ ማሞቂያው ላይ ያሰጣናቸው ጃኬቶች እንፋሎት ያወጣሉ። ጊዜ የሚበላ ነገር ያኔም አልወድም ነበር፣ ዛሬም አልወድም፤ ልጆቼ ያውቁኛል። የምሄደው ብቸኝነቱ ስለከበደኝ ነው።

ጨዋታው የጎንደርን ዘመን በሚመስል ምናባዊ አገር ውስጥ ነበር። እያንዳንዳችን አንድ ሰው ሆነን እንናገራለን፤ ዕድላችንን ዳይሱ ይወስናል። ለእኔ አስማት የሚያውቅ ሰው ደረሰኝ። መሪያችን ማዕረጉን ሊጽፍ ብዕሩን አነሳ።

«ጠንቋይ በለውና ተገላገል» አልኩት።

«በዚያ ዘመን ንጉሥ ፊት ቆሞ ‹ጠንቋይ ነኝ› የሚል አለ? ሊሰቀል አማረው እንዴ?»

እህቱ ሳቀች። «ዊዛርድ በሉት፣ ፊኒሽ!»

«ዊዛርድ ጎንደር ምን ይሠራል? ቪዛ አለው?» አለ የወሎው ልጅ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እኛ አገር ክታብ የሚጽፉትን በፊታቸው ሼሁ ነው የምንላቸው። ሌላው ስም ጀርባቸውን ሲሰጡ ነው። እናንተስ የእናንተዎቹን በፊታቸው ምን ትሏቸዋላችሁ?»

«መሪጌታ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ፊቴ ጋለ።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ማኅሌት ይቆማሉ፤ ቤት ሲመለሱ ብራና ፍቀው ለታመመ ሰው ክታብ ይጽፋሉ፣ ሥር ይቀጠቅጣሉ። እኔ ለብቻዬ ከመጻሕፍት በቃረምኩት ጥቂት እውቀት ታብዬ፣ ከአገር ስወጣ «የጠንቋይ ልጅ መባል ሰልችቶኛል» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት አልተነጋገርንም። ለማንም ያልተነፈስኩትን ያን ቀን ለሦስቱ ነገርኳቸው።

ማንም አልመከረኝም። እህትየው ብቻ ዳይሶቹን ሰብስባ ከረጢት ውስጥ ከተተች። «ኮል አድርግላቸው። ናው!» አለች። ወርደን ከጥጉ ሱቅ የስልክ ካርድ ገዛን።

«መሪጌታ አሉ?»

«ማነው?»

«ልጅዎ ነኝ።»

መስመሩ ይንሿሿል።

«ጠንቋዩን ፈልገህ ነው?»

«የለም። መሪጌታን ነው።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እዚያ ብርዱ ክፉ ነው አሉ። ደህና ትለብሳለህ?»

ካርዱ እስኪያልቅ ያወራነው ስለ ልብስ ነበር። እኔም ይቅርታ የሚለውን ቃል አላወጣሁም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። በዓመቱ አረፉ።

በክታባቸው ያኔ አላምንም ነበር፣ አሁንም አላምንም። እኛ የማናምንበትን ሥራ የሚሠራን ሰው ማዋረድ ግን ሌላ ኃጢአት ነው፤ ይህን ያስተማሩኝ ቁጭ ብለው ጨዋታ የሚጫወቱ ሦስት ወጣቶች ናቸው። እግዜር ይስጣቸው። ካርዱን ብቻዬን ልክፈል ብል እንኳ እምቢ አሉኝ። አምስት ፓውንድ ነበር፤ ለአራት ተካፈልነው፣ ለእያንዳንዳችን አንድ ፓውንድ ከሃያ አምስት ፔንስ ደረሰን።