ስለ ጦጣ የወጣ ግዝት

በሕይወቴ ሰው ያስገዘትኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ለጦጣ ብዬ ነው።

ሥራዬ ቢቸና ተቀምጬ በዙሪያዋ ያሉ ቀበሌዎች ደናቸውንና የዱር አራዊታቸውን ራሳቸው እንዲጠብቁ ማስተባበር ነበር። ማስተባበር ማለት በሞተር ሳይክል ጭቃ እያቦኩ ሄዶ ዛፍ ሥር ሰው መሰብሰብ፣ ሰዉ የሚያውቀውን መልሶ ለሰዉ መንገር፣ ከዚያም ሪፖርት መጻፍ ነው። ችግኙን የሚተክለው ገበሬው፣ የሚያሳድገው ዝናቡ ነው፤ «ተከናውኗል» ብሎ የሚጽፈው ግን እኔ ነኝ። በዚህ በኩል ማንም አይስተካከለኝም ነበር።

ከቀበሌዎቹ በአንዷ ዙሪያዋን ወይራና ጽድ የከበባት አንዲት የቆየች ቤተ ክርስቲያን አለች። ከቅጥሯ ውጭ ያለውን ተረተር ሕዝቡ ተስማምቶ ከከብት ከለለው። ቁጥቋጦው አንሰራርቶ ከቤተ ክርስቲያኗ ደን ጋር ሲገናኝ ጦጣውም ሚዳቋውም መመለስ ጀመረ። መጥረቢያም አብሮ ተመለሰ። መተዳደሪያ ደንብ አወጣን፣ ቅጣትም ጻፍንበት፤ ነገር ግን ቀጪው ኮሚቴ ለተቀጪው ወይ አበልጅ ነው ወይ አማች። ጥፋተኛው ይመጣል፣ ጠላ ይቀዳለታል፣ «ሁለተኛ እንዳይለምድህ» ይባላል፣ ግንዱን ተሸክሞ ቤቱ ይገባል።

ነገሩ ሲያንገሸግሸኝ ወደ ቄሱ ሄድኩ። ቄሱን ሁሉም መምሬ ነው የሚላቸው፤ የመንደሩ እኩሌታ የንስሐ አባት፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው፣ ትዕግሥታቸው ግን ያላለቀ ሽማግሌ ናቸው። ደኑን የሚነካ ሰው ይገዘትልኝ አልኳቸው። ግዝት ሲበዛ ሰው ይላመደዋል ብለው አንገራገሩ። እኔ ግን ጽሑፉን ከኪሴ አውጥቼ ነበር።

ጽሑፉን ያረቀቅሁት ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው። «ከደኑ እንጨት የቆረጠ፣ ከብት ያስገባ፣ በደኑና በዙሪያው የሚገኙ የዱር አራዊትን የገደለ፣ ያቆሰለ፣ ያባረረ፣ የረበሸ» ይላል። «በዙሪያው» የምትለዋን የጨመርኳት ደጀን ላይ ሥልጠና ወስጄ ስመለስ ነው፤ ባፈር ዞን የሚባል፣ ከደኑ ውጭ ያለውን ዙሪያም አብሮ የመከለል ነገር ተምሬ የት እንደማገባው ጨንቆኝ ነበር። መምሬ ፊደሉ ስለማይታያቸው አነበብኩላቸው። አንድ ጊዜ ሰምተው በቃላቸው ወጡት። ከዚያ ቆም አሉና፣

«ያባረረ ይበል?» አሉኝ።

«ይበል፣ መምሬ።»

«ልጄ፣ ያባረረም ይበል?»

ሞተሬን እንኳ አላጠፋሁም ነበር፤ ሰማዩም ጠቁሯል። «እንዳለ ይሁን» አልኳቸው።

በንግሥ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው ገዘቱ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። እኔ ከኋላ ሆኜ በስልኬ እቀርጽ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጥረቢያ የሚባል ድምፅ ጠፋ። አንድ ሰውዬ እንዲያውም ካቻምና ከደኑ ቆርጦ የሠራውን መሰላል ተሸክሞ መጣና «ተረከበኝ» አለኝ። ቢሯችን መሰላል መረከቢያ ቅጽ የለውም። ግዝቱ ያለፈውን አይመለከትም ብዬ ባስረዳውም አልተዋጠለትም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ላይ አስደግፎት ሄደ። ጦጣዎቹ ይወጡበት ጀመር።

ክረምቱን በሙሉ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ጦጣዎቹን ከመንገድ ዳር ሆኜ ፎቶ አነሳሁና የቢሮው ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። አለቃዬ ሦስት አውራ ጣት ላከልኝ። ሪፖርቴ ላይ «የማኅበረሰቡ ግንዛቤ ዳብሯል» ብዬ ጻፍኩ። ፎቶው ላይ ጦጣዎቹ የተቀመጡት በቆሎ መካከል መሆኑን ያስተዋለ አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ያስተዋልኩት በጳጉሜ ነው። በደኑ ጥግ ሳልፍ አንዲት ትልቅ ሴት የማሳቸው ዳር ድንጋይ ላይ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠው አየሁ። ፊት ለፊታቸው የጦጣ መንጋ በቆሎውን እየገነጠለ፣ አንድ ሁለት ጊዜ እየነከሰ ይጥላል። ሴትዮዋን አውቃቸዋለሁ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያች አንዲት ማሳ የሚኖሩ ናቸው። የዓመት ቀለባቸው እሷው ናት። ከሞተሬ ወርጄ ድንጋይ አነሳሁ። ክንዴን ያዙኝ።

«ተው ልጄ። ግዝት ነው።»

«እማማ፣ ይህ እኮ እርሻዎ ነው።»

«በዙሪያው ተብሏል። ያባረረ ተብሏል። በጆሮዬ ሰምቼ አሜን ብያለሁ።»

ድንጋዩ ከእጄ ወደቀ። ማሳውን በዓይኔ ዞርኩት፤ ከደኑ በኩል ያለው እኩሌታ አገዳ ብቻ ሆኗል። ጎረቤቶቻቸውማ ዘዴ ፈልገው ነበር። አንዱ የሟች አባቱን ካፖርት በእንጨት ሰቅሎ አቆመ፤ ካፖርት ማቆም ማባረር ነው አይደለም በሚል ቅዳሴ በወጣ ቁጥር ደጀ ሰላሙ ላይ ሲሟገቱ ከረሙ፤ ካፖርቱም እስኪለይለት ወረደ። ሌላው ውሻ አልተገዘተም ብሎ ውሻውን ለቀቀ። ለሴትዮዋም ውሻውን ላውስዎት ብሏቸው ነበር።

«የምለቀው እኔ አይደለሁም እንዴ? እግዜርን በውሻ ላታልለው?» አሉኝ።

የሚያሳፍር ነገር ብዙ ሠርቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያን ዕለት ግን ፊቴን የምደብቅበት ያጣሁበት ቀን የለም። ለአለቃዬ ደወልኩ። ጉዳዩ የደንብ ማሻሻያ ስለሆነ ለኮሚቴው ቀርቦ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ ከመኸር በኋላ ይታያል አለኝ። ከመኸር በኋላ የሚታየው አገዳው መሆኑን ነግሬው ስልኩን ዘጋሁበት።

ያሰረው ነው የሚፈታው። መምሬ ግን ዓይናቸውን ሊታከሙ ሞጣ፣ ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል። በማግስቱ በደብረ ወርቅ በኩል በሚኒባስ ሄድኩ፤ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ገፍተን የሄድነው ተጭነን ከሄድነው ብዙም አያንስም። ሞጣ ስደርስ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ቤት መምሬን አንድ ዓይናቸው ታሽጎ አልጋ ላይ አገኘኋቸው። ስለ ማሳው ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ ግዝቱን ከመጀመሪያው ጀምረው፣ አንዲት ቃል ሳይስቱ፣ በሹክሹክታ ወጡትና «ያባረረ» ላይ ሲደርሱ አቆሙ።

«ሁለት ጊዜ ጠይቄህ ነበር» አሉኝ።

«አዎ፣ መምሬ።»

«ሞተርህ ይጮህ ነበር።»

መንደሩ ደውለን፣ ሕዝቡ እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አስደርገን፣ እዚሁ ሆነው ይፍቱልኝ አልኳቸው። አልሆነም። ሕዝብ ፊት ቆመው አሜን አስብለው ያሰሩትን ከአልጋ ላይ በስልክ እንደማይፈቱ ነገሩኝና ነጠላቸውን ፈለጉ። ልጃቸው ከጓዳ ወጣች። ሐኪሙ አቧራና መንገጫገጭ ከልክሏቸዋል።

«አባቴን ለጦጣ ብለህ ልታሳውራቸው ነው?» አለችኝ።

ለጦጣ ሳይሆን ለበቆሎ ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ፤ ባልሞክር ይሻለኝ ነበር። መምሬ ግን በሩ ላይ ደርሰዋል። መሽቶ መኪና ስላልነበረ የተነሳነው በማግስቱ ነው፤ እሱንም እሷ ቁርስ ካላበላሁ ብላ ረፋድ ላይ ነው የለቀቀችን፤ አባቷን ከሾፌሩ አጠገብ አስቀምጣ፣ ዓይናቸውን በነጠላ ጠቅልላ፣ ሾፌሩን እኔን በሰደበችበት አፍ አስጠንቅቃ። መንገድ ላይ መምሬ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩኝ።

«ቃሉን ያወጣኸው አንተ ነህ። እህሉ እስኪገባ ማማ ላይ ትወጣለህ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙ። የገደለና ያቆሰለ እንዳለ መሆኑን፣ ያባረረና የረበሸ የሚለው ግን መፈታቱን ተናገሩ። «እግዚአብሔር ይፍታ» ሲሉ የሕዝቡ አሜን ካለፈው የበለጠ ነበር። የቀረውን ማሳ ያለው ሁሉ ወደ ማሳው ሮጠ፤ ካፖርቱም በክብር ተመልሶ ተሰቀለ።

እኔም ማማ ላይ ወጣሁ። ሴትዮዋ ከጎረቤት ወንጭፍ ተውሰው ሰጡኝ። የለበስኩት ጃኬት ቢሮው የሰጠኝ ነው፤ ጀርባው ላይ የጦጣ ሥዕል አለበት፣ ከሥሩ «እንጠብቃቸው» ይላል። ያን ለብሼ ጠዋት ከቢሮ በፊት፣ ማታም ከቢሮ በኋላ ጦጣ ላይ የአፈር ጓል ስወነጭፍ ሰንብቻለሁ። አንዱንም አልመታሁም። ይህን እንደ ጥበቃ ሥራ ሪፖርት ላይ ማስገባት እችል ነበር።

ከቀናት በኋላ ሴትዮዋ ማማው ሥር ሁለት እሸት ጠብሰው መጡ። ወርጄ ተቀመጥኩ። ከማሳው የተረፈውን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ እስከ ገና ቢያደርስ ነው። እሸቱን ለራሳቸው እንዲያስቀሩት ልለምናቸው ሳስብ አንዱን እጄ ላይ አኖሩት። የከነከነኝን ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ሐምሌንም ነሐሴንም ቁጭ ብለው ሲያዩ ለምን መጥተው አልነገሩኝም?»

«መጥቼ ነበር እንጂ» አሉ፣ የራሳቸውን እሸት እየፈለፈሉ። «በገበያ ቀን ቢሮህ መጣሁ። ዘበኛው ስብሰባ ላይ ነው አለኝ። የምን ስብሰባ ነው ብዬ ብጠይቀው ስለ እናንተ ነው አለኝ። ስለ እኛ ከሆነማ ላለመረበሽ ብዬ ተመለስኩ።»

ያን ስብሰባ አስታውሰዋለሁ። ስለ ማኅበረሰብ ተሳትፎ ነበር፤ መድረኩን የመራሁትም እኔ ነኝ። እሸቱን በላሁና ወንጭፌን ይዤ ወደ ማማው ተመለስኩ።