ያልወጣችውን መኪና የቀጠቀጥኩበት ዓመት

ወሰን ሰፈር ወዳለው ጋራዥ ለሥራ የገባሁት ሰኞ ጠዋት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ካራ ሰፈር ያለውን የአባቴን እርሻ ትቼ፣ የወንድሜን ጫማ ተውሼ መጣሁ። ያኔ ከጋራዡ አጥር ጀርባ ጤፍ ይታጨድ ነበር። ፎርማኑ አቶ ምናሴ ይባላሉ። አጭር፣ ደንዳና ሰው ናቸው፤ ጆሯቸው ከመዶሻ ድምፅ ብዛት ደንዝዟል። ሰላም ስላቸው አልሰሙኝም። ደገምኩት፤ አልሰሙኝም። በሦስተኛው "አትጩህብኝ!" አሉኝ።

የተቀጠርኩት በባቲላሜራነት ነው። ባቲላሜራ የተጋጨ መኪና አካል ቀጥቅጦ ወደ ቦታው የሚመልስ ባለሙያ ነው። ሞተር አይነካም፣ ቀለም አይቀባም። ማዕረጉ ከረዳት ይጀምራል፤ ከዚያ ሁለተኛ ባለሙያ፣ አንደኛ ባለሙያ፣ መጨረሻ ላይ ፎርማን። እኔ ከረዳቶችም መጨረሻ ነበርኩ።

አቶ ምናሴ የአንድ ታክሲ ፓራፋንጎ፣ ጎማውን ከላይ የሚሸፍነውን ላሜራ ማለት ነው፣ ፊቴ ወረወሩት። መዶሻና ከጀርባ የሚደገፍበት ወፍራም ብረት ሰጡኝ። "የገባውን አውጣ" ብለው ሄዱ። ከልቤ ደበደብኩት። ሲመለሱ የገባው ወጥቷል፤ ግን ወጥቶ አልቆመም፣ ተነፍቶ ቁጭ ብሏል።

"አውጣ አልኩህ እንጂ አስረግዘው አልኩህ?" አሉኝ።

ላሜራ በተመታ ቁጥር ይሳሳል፣ ይለጠጣል። አንዴ ከተለጠጠ ደግሞ በቀላሉ አይሰበሰብም። የመጀመሪያው ቀን ትምህርቴ ይኸው ነበር።

አንደኛ ባለሙያ በሆንኩበት ሰሞን ወይዘሮ አሰለፈች የሚባሉ የአትክልት ነጋዴ ነጭ ፒክአፓቸውን ይዘው መጡ። የቀኝ በሩ ተጋጭቶ ነበር። ሠራሁላቸው። ግራ በሩ ላይም አንድ የቆየ ጎድጓዳ ነገር አየሁና ደስ ይበላቸው ብዬ እሱንም አቃናሁት።

ሲመጡ መኪናውን ዞረው አዩና "የኔስ የታለ?" አሉ።

"ይኸው እትዬ።"

"ይሄ የኔ አይደለም። የኔ ግራ በሩ ጎድጓዳ ነው። ከዚያ ሁሉ ነጭ መኪና መሀል የምለየው በእሱ ነበር።"

"ታርጋ አለው እኮ እትዬ።"

"ታርጋ ማን ያነባል?"

አቶ ምናሴ እስኪያስላቸው ሳቁና "መልስላቸው" ብለው አዘዙኝ። ጎድጓዳውን መመለስ ግማሽ ቀን ፈጀ። ወይዘሮዋ አጠገቤ ቆመው "ትንሽ ወደ ታች ነበር"፣ "እንዲህ አይጠልቅም" ይሉኛል። በሙያ ዘመኔ እንደዚያ ሥራ የተጠነቀቅኩበት ብዙ የለም።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ፎርማን ሆንኩ፤ ጡረታም ወጣሁ። ካራ፣ ከቤቴ ጓሮ ቆርቆሮ መጠለያ ሠርቼ መሣሪያዎቼን እዚያ ሰቀልኩ። ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ ነው አንድ ነገር የገባኝ። አርባ ዓመት ሙሉ የሠራሁት ሌሎች ሰዎች ያወጡትን ቅርጽ ወደ ነበረበት መመለስ ብቻ ነው። እኔ ያወጣሁት አንድም ቅርጽ የለም። ይህን ለባለቤቴ ለጫልቱ ነገርኳት። "የወይዘሮ አሰለፈችን ጎድጓዳ አንተ አይደለህ የሠራኸው?" አለችኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዎች ጓሮዬ መጡ። አንዱ መገናኛ አካባቢ ጥርስ የሚያክሙ ዶክተር ፍቅሩ ናቸው፤ በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ረጅም ሰው። ሁለተኛዋ ማህሌት ትባላለች፤ ኮተቤ ፊዚክስ ታስተምራለች። ሦስተኛው ናትናኤል ነው፤ መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም የሚኖር የባንክ ሠራተኛ፣ ስልኩ ከእጁ የማይለይ።

ዶክተሩ "እኛ ጠባቂዎች ነን" አሉኝ።

የጥበቃ ሠራተኞች መስለውኝ ነበር። ለካ የሚጠብቁት መኪና ነው። ውጭ አገር ያለ አንድ የቅንጡ ስፖርት መኪና ፋብሪካ አዲስ ግራንድ ቱረር ሊያወጣ ነው ተብሎ እሷን ይጠብቃሉ። ፋብሪካውን በስሙ አይጠሩትም፤ "ቤቱ" ነው የሚሉት። በየቅዳሜው እንጦጦ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ካለች ሜዳ ተሰብስበው ስለ እሷ ሲከራከሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የቤቱን መኪና በአካል ያየ ግን አንድም የለም።

ጫልቱ ይህን ስትሰማ "ሁለት ዓመት ሙሉ? ታክሲ ነው የሚጠብቁት?" አለች።

"ግራንድ ቱረር ምን ዓይነት ነው?" ብዬ ማህሌትን ጠየቅኳት።

"ለሩቅ መንገድ የተሠራች ናት ጋሽ በዳዳ። ትፈጥናለች፣ ግን አታደክምም። ሁለት ሰው ከነሻንጣው ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ሳይጨማደድ ይወርዳል።"

ናትናኤል ስልኩን ዘረጋልኝ። በጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር ጨርቅ የተጠቀለለ መኪና ፎቶ ነው።

"ለምን ተጠቀለለች?"

"ቅርጿ እንዳይታይ።"

"ታዲያ ፎቶውን ማን ለቀቀው?"

"በድብቅ ነው የተነሳው።"

ዶክተሩ ጉዳያቸውን ተናገሩ። አባታቸው የተዉላቸው ባለ ሁለት በር የድሮ የጣሊያን መኪና አለች። ሞተሯ ታድሷል፣ አካሏ ግን ዝጎ አልቋል። የምትመጣዋን መኪና አካል ገምቼ እንድሠራላት ፈለጉ፤ ያውም ፋብሪካው ሳያሳይ በፊት።

"ያላየሁትን መኪና ልሥራ?"

"እኛም አላየናትም" አሉ ዶክተሩ፣ እንደማጽናናት።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን እጄ መዶሻውን መፈለግ ጀምሮ ነበር።

ሥራው ስምንት ወር ፈጀ። ማህሌት የጎማውን መጠን መነሻ አድርጋ ከፎቶው ላይ የመኪናዋን ርዝመት አሰላችና ሥዕሏን ነደፈች። በካርቶን ልክ ቆረጥን፣ በቀጭን ብረት አጥንቷን በየድን። ከዚያ ላሜራውን አሸዋ በሞላ ከረጢት ላይ እያስተኛሁ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልኩ አጎበጥኩት። ሞተሩን የሚከድነው ኮፈን ብቻውን ሁለት ወር ወሰደ።

ጠባቂዎቹ በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ሲመጡም ይጣላሉ። ትልቁ ጠብ በነዳጅና በኤሌክትሪክ ነበር። ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ናትናኤል "ኤሌክትሪክ ትሁን፤ ቢያንስ አገር ውስጥ መግባት ትችላለች" ይላል። ዶክተሩ ደግሞ "ድምፅ የሌላት መኪና ማቀዝቀዣ ናት" ይላሉ።

አንድ ቀን "ብትገባስ ከእናንተ መሀል ማን ሊገዛት ነው?" አልኳቸው። ማህሌት ካርቶኗን ማጠፍ ጀመረች። እንዲህ ያለ ጥያቄ በእነሱ ዘንድ ነውር መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

ከእኔ ጋር የተጣሉት በጣራው ነው። በማህሌት ስሌት ጣራው በጣም ዝቅ ይላል። እኔ ዶክተሩን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ፣ ከራሳቸው በላይ ቀጥ ያለ ጣውላ ይዤ ለካሁ። የሥዕሉ ጣራ ግንባራቸው ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ከሥዕሉ ከፍ አደረግኩት፤ ለጎርባጣ መንገድም ብዬ ሦስት ጣት ጨመርኩ።

ናትናኤል ሲያየው ራሱን ያዘ። "ጋሽ በዳዳ፣ ውበቷን ገደሉት!"

"ታዲያ የዶክተርን ራስ ልቁረጠው?"

"ትንሽ ጎንበስ ይላሉ።"

"ቀኑን ሙሉ?"

ዶክተሩ መሀል ገብተው "ለውበት ሲባል መጎንበስ እችላለሁ" አሉ። እኔ ግን በየድኩት። በሙያዬ ያለ ደንበኛ ፈቃድ የበየድኩት ያን ጣራ ብቻ ነው።

ቀለም ቀቢው የወይን ጠጅ ቀለም ቀባት። ጓሮዬ ቆማ ሳያት ቀኑን ሙሉ ወንበር አውጥቼ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ጫልቱ ምሳዬን እዚያው አመጣችልኝ።

ፋብሪካው መኪናዋን የሚያሳይበት ቀን ደረሰ፤ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ናትናኤል ኢንተርኔት ላይ "ከሁሉም የቀረበውን ግምት እንጦጦ ላይ እናሳያለን" ብሎ ለጥፎ ስለነበር ሰው ተሰብስቧል። ከቦሌ በኩል ውድ መኪና የያዙ ወጣቶችም መጥተዋል። የእኛዋ ዳገቱ ላይ ሁለቴ ጠፍታ ሁለቴ ተነሥታ ደረሰች። አጨበጨቡላት። ሰው ኮፈኗን ሲዳብስ፣ ከጎኗ ተደግፎ ፎቶ ሲነሣ እያየሁ፣ አልዋሽም፣ ኩራት ተሰማኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ስልክ ላይ አፈጠጠ። ጨርቁ ተገፈፈ።

ነዳጅም ኤሌክትሪክም ሆና መጣች፤ በሁለቱም ትሠራለች። ናትናኤልና ዶክተሩ "አላልኩም!" ብለው እኩል ጮኹ። ከዚያ ቅርጿን አየናት። ኮፈኗ እኛ ከገመትነው አጭር፣ መብራቷ እንደ ክር የቀጠነ፣ ኋላዋ ሌላ ነገር ነበር። ጣራዋ ደግሞ ከማህሌት ሥዕል እንኳ ያንሳል። ከእኛዋ ጋር የምትመሳሰለው በጎማ ብዛት ብቻ ነው።

መነጽር ያደረገ አንድ ወጣት ስልኩንና የእኛን መኪና እያፈራረቀ አየና "ይቺ ኮፍያ ያደረገችው የማን ናት?" አለ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ጆሮዬ ጋለ። ዶክተሩ ቁልፋቸውን እያገላበጡ መሬት መሬት ያያሉ። ማህሌት ብቻ "ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ጨርቁ ነው የዋሸን" እያለች ለማያዳምጣት ሰው ታስረዳለች።

በማግስቱ ናትናኤል ጓሮዬ መጣ። "ቢያንስ ጣራው ይቆረጥ ጋሽ በዳዳ። ሌላውን ሰው ይረሳዋል፣ ኮፍያዋን ግን አይረሳም።"

ልከራከረው አቅም አልነበረኝም። ሰው እስኪስቅባት ድረስ የራሴ ናት ስል የነበረችውን፣ ሲሳቅባት ልቆርጣት ተስማማሁ። ጠመኔ አንሥቼ የሚቆረጥበትን መስመር ጣራዋ ዙሪያ አሰመርኩ።

ዶክተሩ ደውዬ ስነግራቸው "እሺ፣ ግን ሐሙስ ደብረ ብርሃን እኅቴ ጋ መሄድ አለብኝ፤ ስመለስ ይቆረጥ" አሉኝ። ሐሙስ የበዓል ዕረፍት ስለነበር ማህሌትና ናትናኤልም ተነሡ። መኪናዋ ብትበላሽ ብለው እኔን ጨመሩ። ዶክተሩ ነዱ፣ እኔ ከጎናቸው፣ ሁለቱ ከኋላ። ሻንጣዎቹ፣ የእኅትየው ስጦታና የእኔ የመሣሪያ ሳጥን ከኋላ ገብተው ቦታ ተረፈ።

ለገጣፎን አልፈን ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። መኪናዋን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ዞራት።

"ምን የምትባል መኪና ናት?"

ማህሌት ከኋላ ሆና "ገና አልወጣችም" አለችው።

ሊብሬውን ገልጦ አነበበ። "እዚህ ላይ ግን በዕድሜ ትበልጠኛለች" አለ። ዶክተሩ የአካል ለውጥ ፈቃዱን አሳዩት። አነበበና መለሰላቸው። "ስትወጣ ንገሩኝ" ብሎ አሳለፈን።

ከዚያ መንገዱ ረዘመ። ዶክተሩ እጃቸውን መሪው ላይ ዘና አድርገው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይነዳሉ። የወገብ ሕመም እንዳለባቸው ያን ቀን ነው የሰማሁት። "ቆሜ ጎንብሼ ነው የምውለው፤ የሰው አፍ ውስጥ" አሉኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ "አሁን ግን አላመመኝም" አሉ፣ ራሳቸውም እንደተገረሙ።

ከኋላ ድምፅ ሲጠፋ ዘወር ብዬ አየሁ። ናትናኤል ራሱን መደገፊያው ላይ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ጎማችን ጉድጓድ ሲገባ ዘለለ፤ ራሱ ግን ጣራውን አልነካም። ማህሌት ሦስት ጣቷን አንሥታ በፀጉሩና በጣራው መሀል አስገባች። ልክ ገባ። ተያየንና እንዳንቀሰቅሰው አፋችንን ይዘን ሳቅን።

እኅትየው ምሳ አብልተው ሸኙን። መኪናዋ በመልሱም አልጠፋችም። ካራ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ናትናኤል እየተንጠራራ ወረደና ጣራው ላይ ያለውን የጠመኔ መስመር አየ። ትንሽ ቆመ። ከዚያ እጅጌውን ስቦ ይጠርገው ጀመር። አንድ ጥግ ላይ አልለቅ ሲለው በምራቁ አራሰና ጠረገው።

"ጠመኔ ቀለም ያበላሻል" አለኝ ሳያየኝ።

"አያበላሽም።"

"ያበላሻል ጋሽ በዳዳ።"

ስለ ጣራው ከዚያ ወዲያ የተነጋገርነው የለም። ጠባቂዎቹ አሁን ቤቱ ያወጣል የተባለውን ሌላ መኪና ይጠብቃሉ።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው አጭር ነው። የመኪናውን ልክ ከመውሰዳችሁ በፊት፣ የሚቀመጥበትን ሰው ልክ ውሰዱ። ሌላው በመዶሻ ይስተካከላል።