የአባቴ ዓይን እና ያዞርኩት ሶፋ

ቃሊቲ ላይ የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ የተቃጠለ ሽቦ እየፈታሁ ነው ያወቅኩት። ሾፌሮች ሦስት ጋራዥ አልፈው እኔ ጋ ይመጣሉ። ለምን እንደሚመጡ ስጠይቃቸው "ስለምታስቀን ነው" ይሉኛል። ቅናት ነው።

ይሄ ሁሉ እውቀት እያለኝ አንድ ነገር ላይ ክፉኛ ተሳስቻለሁ፤ ያውም በገዛ አባቴ።

አባቴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው። እናታችን ካረፈች በኋላ አቃቂ በሰቃ ባለው ቤታችን ብቻቸውን ይኖራሉ፤ እኔና ሚስቴ እዚያው ግቢ ውስጥ ሰርቪሷ ውስጥ ነን። ግቢው አንድ ስለሆነ ብቻቸውን ናቸው ማለት እንኳን አይቻልም።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ቤታቸውን ላድስላቸው ተነሳሁ። ወለሉን ሴራሚክ አስነጠፍኩ፣ ግድግዳውን ቀለም ቀባሁ፣ አሮጌውን ወንበር አውጥቼ የሚታጠፍ ትልቅ ሶፋ አስገባሁ። አልጋውን ከበሩ አጠገብ አንስቼ ወደ መስኮቱ አዞርኩት፣ ጠረጴዛውን መሃል አደረግኩት። ጎረቤት እየመጣ አደነቀልኝ። ያልመጣውን ጠርቼ አሳየሁት።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አባቴ ሌላ ሰው ሆኑ። ሻይ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡ መስሏቸው አየር ላይ ለቀቁት። ሊወጡ ብለው ቁም ሳጥኑን ከፈቱ። አንድ ቀን ጠዋት ሶፋውን በእጃቸው እየዳበሱ፣

"ይሄ የማን ቤት ነው?" አሉኝ።

"የእርስዎ ነው እንጂ አባባ።"

"የእኔ ቤት እንዲህ አይደለም።"

ከዚያ በፊትም ሰፈሩ ያማቸው ነበር። "አባትህ ኮሩብን፤ አጠገባቸው ስናልፍ ሰላም አይሉንም" ይሉኝ ነበር። እንግዲህ ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ። አባቴ ጃጅተዋል አልኩ። ምርመራውን የጨረስኩት እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ነው።

ታላቅ እህቴ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ደወልኩላት።

"በቃ እኔ ጋ ይምጡ" አለች። "አንተ ቀኑን ሙሉ መኪና ሥር ተኝተህ ነው የምትውለው። ቅዳሜ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።"

እሺ አልኩ። ለአባቴ ስነግራቸው ግን፣ "እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው እድርተኛ ተሸክሞኝ ነው" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። 

እስከ ቅዳሜ ብቻቸውን ቤት ልተዋቸው ፈራሁና ጋራዥ ይዣቸው ሄድኩ። ጎማ ላይ ካርቶን አንጥፌ አስቀመጥኳቸው። አንድ ሾፌር መጣ።

"የፊት መብራቴ እምቢ አለ። ባትሪው ሞቷል፣ ቀይርልኝ።"

"ሞተሩ ይነሳል?"

"በአንዴ ነው የሚነሳው።"

"ታዲያ ባትሪው ምን በደለህ?" አልኩት፤ እንደ ልማዴ ጎረቤት ጋራዥም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "መብራት ጠፋ ተብሎ ባትሪ አይጣልም፣ ወንድሜ! መጀመሪያ አምፑል ይታያል፣ ከዚያ ፊውዝ፣ ከዚያ ሽቦ። ባትሪ መጨረሻ ላይ ነው የሚታማው።"

ፈታሁት፤ አምፑሉ ነው የተቃጠለው። ሾፌሩ ሊያመሰግነኝ አፉን ሲከፍት አባቴ ቀደሙት።

"አንተ!"

"አቤት አባባ።"

"የእኔን አምፑል መቼ ነው ያየኸው?"

ሾፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ባለሁበት ሌላ ሰው ሲያስቅ ደስ አይለኝም፤ የዚያን ቀን ግን ቀልዱ ራሱ ያዘኝ። ፒንሳ አነሳሁና ከጎናቸው ጆሯቸው አጠገብ ዘረጋሁላቸው። አላዩትም። ቀስ ብዬ ወደ ፊታቸው ሳመጣው ተቀበሉኝ።

"አባባ፣ ጎንዎን አያዩም እንዴ?"

"ፊት ለፊቴን አያለሁ። ጎኑን ድሮም አውቀዋለሁ፣ ምን ያደርግልኛል?"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?"

"ቤቱን እስክታገላብጠው ድረስ አልቸገረኝማ።"

በነጋታው ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ መሣሪያውን ዓይናቸው ላይ ደግና ብዙ ቆየች። ግላኮማ ነው አለችኝ። የሳቸው ዓይን ውስጥ ግፊቱ ጨምሯል፣ ወደ አእምሮ የሚሄደውን ነርቭ ቀስ በቀስ ጎድቶታል። ከዳር ጀምሮ ነው የሚበላው፣ አያምም፤ ሰውየው ራሱ ሳያውቅ ዓመታት ሊሄድ ይችላል። የጠፋው አይመለስም፣ የምታዝላቸው የዓይን ጠብታ የቀረውን ለማቆየት ነው።

"ስለዚህ ጭንቅላታቸው ደህና ነው!" አልኩ፣ ራሴ ያከምኳቸው ይመስል።

"ይቆዩ" አለችኝና ወደ እሳቸው ዞራ ሦስት ቃል ያዙልኝ አለቻቸው፦ ጎማ፣ ሎሚ፣ መጋረጃ። ስለ ፋብሪካው ትንሽ አጫውታቸው መልሳ ጠየቀቻቸው።

"ጎማ" አሉ አባቴ። "ትናንት ይሄ ልጅ ያስቀመጠኝ እሱ ላይ ነው።" ሌሎቹ ጠፉ። ቀኑንም ሐሙስ መሆኑን ስተው ሰኞ አሉ።

"ሁለቱም ያለባቸው ይመስለኛል" አለችኝ። "የመርሳቱን ነገር ሌላ ሐኪም በደንብ ይየው። በዚህ ዕድሜ ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜ አለ። አንዱ ሌላውን ያመጣል ብዬ ግን አልነግርዎትም። የማያይ ሰው የረሳ ይመስላል። የሚረሳ ሰው ደግሞ ጠብታውን ይረሳና ዓይኑ ይብስበታል። ጠብታውን እርስዎ ነዎት የሚያደርጉላቸው።"

ስለ አራተኛው ፎቅ ነገርኳት።

"እስካሁን ቤታቸውን ግማሹን የሚያዩት በማስታወስ ነው" አለች። "አዲስ ቤት ለመልመድ ዓይንም ማስታወስም ያስፈልጋል። ከሁለቱም የቀራቸው ጥቂት ነው። ከቻላችሁ አታንቀሳቅሷቸው።"

ዓርብ ሥራ ዘግቼ ቤቱን መለስኩ። ሶፋው ወደ ሰርቪሷ ገባ፤ ሚስቴ አሁን አልጋ የምትደርሰው እሱ ላይ ተረማምዳ ነው። ከሽንት ቤቱ ጀርባ የጣልኩትን አሮጌ ወንበር አጥቤ አስገባሁ። ከዚያ መሃል ቤት ቆምኩ፤ ምን የት እንደነበር ጠፋኝ። ተወልጄ ያደግኩበት ቤት!

አባቴ በሩ ላይ ቆመው ያዝዙኝ ጀመር።

"ጠረጴዛው ከግድግዳው ሁለት ስንዝር። አልፈሃል። መልስ። የውሃ ማሰሮው ከአልጋው ራስጌ በታች፣ እጀታው ወደ እኔ። አንተ፣ ግራህን አታውቅም?"

ሐሙስን ሰኞ ያሉት ሰውዬ ናቸው እንዲህ የሚያዝዙኝ።

ቅዳሜ እህቴ መኪና ለምና፣ ለልብሳቸው የሚሆን ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። አባቴ ከአልጋቸው ተነሱ፣ ሦስት እርምጃ ሄደው ከመደርደሪያው ብርጭቆ አነሱ፣ ከጆጉ ውሃ ቀዱላት፤ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። እህቴ ተቀብላ እየጠጣች አየችኝ።

"ጃጅተዋል አላልከኝም?"

"ተሳስቼ ነው" አልኩ። ይሄን እንኳን ጎረቤት ጠርቼ አላሰማሁም። ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ፣ ሰኞውንም ሎሚውንም ጭምር ነገርኳት። ጠብታውን ጠዋትና ማታ እኔ እንደማደርግላቸው፣ ቀን ደግሞ ሚስቴ እንደምታያቸው ማልኩላት። አላመነችኝም፤ ሻንጣውን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

አባቴ ወደ እሷ ዞሩ።

"አንቺ፣ መቼ መጣሽ?"

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት።

"አሁን ነው የመጣሁት አባባ።"

"ውሃ ልስጥሽ?"

ባዶውን ብርጭቆ ከሻንጣው ኋላ ደበቀችው።

"ይስጡኝ።"

ተነሱ፣ ሦስት እርምጃ፣ ሌላ ብርጭቆ፣ ጆጉ። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። እህቴ ጨርሳ ጠጣችና ባዶ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች።