ከዜሮ እስከ ስልሳ

ሰውየው እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መንጃ ፈቃዱ ብቻ ናቸው። ለቀረው ሰው ሁሉ «ጆሮ» ነው። መካኒክ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጋራዥ፣ በአንድ ካቻቪቴ። ክንድ የምታህል፣ እጀታዋ የተላላጠ ካቻቪቴ አለችው። ጫፏን ሞተሩ ላይ፣ እጀታዋን ከጆሮው ሥር ካለው አጥንት ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሐኪም እንኳ በሽተኛው ላይ እንደዚያ አያጎነብስም። ከዚያ ቀና ይልና «ሦስተኛው ሲሊንደር አኩርፏል» ይላል። ሞተሩ ሲፈታ እንዳለው ሆኖ ይገኛል። ይህን ማንም አይክደውም።

ነገር የሚመጣው ከጥገናው በኋላ ነው። ጆሮ የጠገነውን መኪና «እንካ ቁልፍህን» ብሎ ብቻ አይሸኝም። ባለቤቱን ከጎኑ ያስቀምጥና ከጋራዡ በር ወጥቶ ፊት ለፊት የተዘረጋውን ቀጥ ያለ መንገድ ይይዛል። ነዳጁን ይረግጣል። ፋርማሲው ጋ ሲደርስ «ስንት ይላል?» ብሎ ይጠይቃል።

ባለቤቱ አንገቱን አስግጎ ያያል። «ስልሳ!»

«በአሥር ሰከንድ። ስትመጣ ሃያ ይፈጅባት ነበር።»

ባለቤቱ አፉን ከፍቶ ይቀራል። መኪናዋ በእርግጥም በርራለች። መንገዱ መጨረሻ ላይ ፍራፍሬ ሻጯ ጋ ይታጠፋሉ፤ መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ በመጡበት መመለስ የለም። በጀርባ ባለው አውራ ጎዳና፣ መኪና በመኪና ላይ በተደረደረበት፣ እየተንፏቀቁ ወደ ጋራዡ ይደርሳሉ። እዚያ ጎዳና ላይ ማንም ምንም አይለካም። በዚህ ሁኔታ የጆሮ ዝና ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይነካ ኖረ።

ዝናውን የነካችው የገዛ ልጁ ናት። ምህንድስና ተምራ ከአባቷ ጋር መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አንድ ማለዳ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ የምትበልጥ ጥቁር ሣጥን ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ይቺን የፊት መስታወቱ ላይ እንለጥፋታለን። መኪናዋ ከቆመችበት ተነስታ ስልሳ እስክትደርስ ስንት ሰከንድ እንደፈጀባት ትናገራለች። ቅንጣት አትስትም።»

«እኔስ ታዲያ ምን እየሠራሁ ነው?»

«አንተማ ትገምታለህ።»

ጆሮ ካቻቪቴዋን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ስድብ ያውቃል፤ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። «ትገምታለህ» የሚለውን ያህል ግን ያንገበገበው ስድብ አልነበረም። ደግሞ ለብቻቸው ቢሆኑ ምን አለ! ጥግ ላይ፣ ከድሮ መኪና ተነቅሎ ለደንበኛ መቀመጫ በሆነው ወንበር ላይ፣ ጡረታ የወጡት የፊዚክስ መምህር ተቀምጠዋል።

መምህሩ የቆዩ ደንበኛ ናቸው። መኪናቸው በዕድሜ የጆሮን ልጅ ትበልጣለች። በየሁለት ወሩ ይመጣሉ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሕመም፦ «ጢቅ ጢቅ ትላለች።» ጆሮ ካቻቪቴዋን ያስጠጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ «አዎ፣ ይሰማኛል» ይላል፣ ካንዴላ ይቀይራል፣ በዚያው መንገድ ያወርዳቸዋል። ድሮ ከባለቤታቸው ጋር ነበር የሚመጡት፤ ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ይመጣሉ።

«መምህር ምስክር ይሁኑኝ» አለ ጆሮ ደረቱን ነፍቶ። «የእሳቸውን መኪና አሁን ጨርሻለሁ። አሥር ሰከንድ ነው። ይቺ ክብሪትሽ ከአሥር ግማሽ ሰከንድ ወዲህ ወይም ወዲያ ካለች፣ ካቻቪቴዬን ሰቅዬ፣ የጋራዡን ቁልፍ ላንቺ አስረክቤ ቤቴ እቀመጣለሁ። ካቻቪቴዋን ደግሜ ብነካት እጄን ይቁረጠው!»

መምህሩ ሳል ሳል አሉ። «መሐላው እንኳ ባይኖር?»

«ለምን አይኖርም?»

«እንዲያው... ባይኖር» አሉና ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

ሣጥኗ ተለጠፈች። መንገዱ ጭር እስኪል ተጠበቀ። ጆሮ ረገጠ፤ ሣጥኗ ጮኸች። አሥር ነጥብ ሁለት! ጆሮ መሪውን በሁለት እጁ እየደበደበ ሳቀ። «ገምቺ እንግዲህ! ገምቺ!» እያለ ነበር፣ ሣጥኗ ቀይ መብራት ስታበራ። ልጁ ጎንበስ ብላ አነበበች።

«ልኬቱ አይጸናም ትላለች።»

«ለምን ሲባል?»

«መንገዱ አራት በመቶ ቁልቁለት ነው።»

ጉድ ፈላ። ጆሮ መኪናዋን አቁሞ ወረደና ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። ይሄ መንገድ? ቁልቁለት? ሠላሳ አንድ ዓመት የረገጥኩት መንገድ? ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ወጣ፤ ፋርማሲስቷ በር ላይ ቆመች። ሁለቱም መንገዱን ላይ ታች አዩና «ኧረ ሜዳ ነው! ጠረጴዛ ነው እንጂ!» ብለው መሰከሩ። ፀጉር አስተካካዩማ ቁልቁለት ሆኖ ካየው ዓይኑን ግንባር እንዲያደርገው ተመኘ።

ልጅቷ ወደ ጋራዡ ሽቅብ ሄዳ አንድ አሮጌ ጎማ እያንከባለለች አመጣች፣ መንገዱ መሃል አቁማ ለቀቀችው።

ጎማው ትንሽ አሰበ። ከዚያ መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ በዝግታ፣ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው። ፀጉር ቤቱን አለፈ። ፋርማሲውን ሲያልፍ ሩጫ ሆነ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ በዓይኑ ሸኘው። መንገዱ መጨረሻ ላይ ፍራፍሬ ሻጯ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር፣ እግሯን ዘርግታ አቆመችው።

«ጋሼ ጆሮ!» ብላ ጮኸች። «ዛሬ ደግሞ ጎማ ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ ጆሮ ወደ እሷ እየወረደ።

ከጠረጴዛዋ ሥር አንድ ባልዲ ጎትታ አወጣች። ብሎን፣ ዳዶ፣ የኩሽኔታ ኳስ፣ ሁለት የጎማ ሽፋን፣ አንድ የግራሶ ቆርቆሮ። «ከላይ የሚወድቅ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚያርፈው። አንድ ቀን ይጠይቀኛል ብዬ አስቀመጥኩልህ። ምነው፣ መንገዱ ቁልቁለት መሆኑን አታውቅም ነበር እንዴ?»

ጆሮ እጁን ባልዲው ውስጥ ከተተና አንድ ረጅም ብሎን አወጣ። አወቃት። የዛሬ ስድስት ዓመት «አጎደልክብኝ» ብሎ የመለዋወጫ ሻጩን ያኮረፈባት ብሎን ናት። እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። ኩም አለ።

ይሁን እንጂ «አሥር ብያለሁ፣ አሥር ነው» አለ። ከከተማው ዳር ወዳለው የከባድ መኪናዎች ማቆሚያ ሄዱ። ሣጥኗ «ሜዳ» ብላ አረንጓዴ አበራች። በአንዱ አቅጣጫ ነዱ፤ አሥራ ሦስት ነጥብ ሦስት። ዞረው ነዱ፤ አሥራ ሦስት ነጥብ አምስት። መምህሩ አማካዩን ለመናገር ሠላሳ አምስት ዓመት የለመደ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

ጆሮ ጋራዥ ሲደርስ ካቻቪቴዋን ምስማር ላይ ሰቀለ፣ ቁልፉን ልጁ መዳፍ ላይ አስቀመጠ።

«አባዬ፣ ቀልድ እኮ ነው!»

«መሐላ ነው» አለና እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወጣ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሠራው እቤቷ ነው። «ጡረታ ወጣሁ» ሲላት መጀመሪያ የጠየቀችው «የት ልትውል?» ብላ ነው። ፍርሃቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ከእንጨት ማንኪያ ሌላ ነገር አጥቶ በእሱ ማቀዝቀዣውን አዳመጠና «ሦስት ወር አላት» ብሎ ፈረደባት። በሁለተኛው ቀን ማንኪያውን የስፌት ማሽኑ ላይ አሳረፈ። ሚስቱ አንድ ቀሚስ እጅጌው ላይ ደርሳ ለደንበኛ የማድረሻው ሰዓት ደርሶባት ተጨንቃለች።

«ዘንጓ ላልታለች» አላት።

«አትንካት።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ልያት።»

ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ስትመለስ ማሽኑ ጋዜጣ ላይ ተበትኗል። ሲገጥመው አንዲት ብሎን ተረፈች። «ይሄስ?» ብላ ጠየቀችው። «እሱ ትርፍ ነው» አላት። ያኔ ሚስቱ ያለችውን እዚህ መጻፍ አይቻልም።

ነገሩ ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ በልማዱ የሥራ ጫማውን አጠለቀ፣ ማሰሪያውን አሰረ፣ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ መልሶ ፈታው። ሚስቱ ከበሩ አየችው። ያን ቀን አልተቆጣችም።

«ስለ ሦስት ሰከንድ ነው እንዲህ የምትሆነው?»

«ሰከንዱ አይደለም» አላት። «ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ዓይን ዓይን እያየሁ ዋሽቻለሁ። ሳላውቅ። ስንቱ እያወቀ ስቆብኛል?»

ስልኩ ጮኸ። ልጃቸው ናት። «አባዬ፣ መምህር መጥተዋል። መኪናዋን አላስነካም ብለዋል። ቶሎ ና።»

መምህሩ እዚያው አሮጌ ወንበር ላይ ናቸው፤ ኮት ለብሰዋል።

«ጢቅ ጢቅ ትላለች» አሉ።

«መምህር፣ በሦስት ቀን? ይሁን፣ ልጄ ታይልዎት። እኔ ምያለሁ።»

«ማየቱን አልፈልግም። አንተ አውርደኝ።»

«መንገዱ ቁልቁለት ነው እኮ! አብረን ሰማን!»

«አውቃለሁ።»

«አሁንማ ሁላችንም አወቅን።»

«እኔ ከመጀመሪያው ቀን ነው የማውቀው» አሉ መምህሩ። «ሠላሳ አምስት ዓመት ጣውላ አጋድሜ ኳስ ሳንከባልል የኖርኩ ሰው ነኝ። ይሄ ይጠፋኛል?»

ጆሮ ፊቱ ተለዋወጠ። «ታዲያ እንዴት ዝም ይሉኛል? መሳቂያ ስሆን?»

«ማን ሳቀብህ? የመጀመሪያ ቀን ስታወርደን ባለቤቴ ከኋላ ነበረች። ያቺ ሴት ሁሉን ነገር ትፈራለች፤ ደረጃ ትፈራለች፣ ውሻ ትፈራለች። ፋርማሲው ጋ ስንደርስ ወንበሬን ጨምድዳ ይዛ እንደ ሕፃን ‹በረረች!› ብላ ጮኸች። ስንመለስ፣ መንገዱ ተዘግቶ ቆመን፣ ስለ ስበት ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። በመስታወቱ ሳያት ገና ፈገግ እንዳለች ነው። እኔ ምን ቤት ነኝ? ዝም አልኩ።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ከዚያ ወዲህ በየሁለት ወሩ ‹መኪናችን ጢቅ ጢቅ አላለችም?› ትለኝ ጀመር። ድምፁ የእሷ ፈጠራ ነው። መኪናዋ አንድም ቀን እንዲህ ብላ አታውቅም።»

ልጅቷ አባቷን ዞር ብላ አየችው።

«እንዴ፣ አባዬ፣ አንተ እኮ ‹ይሰማኛል› ትል ነበር!»

ጆሮ ምስማሩን አየ፣ ጣራውን አየ፣ የሚደበቅበት አጣ። «አልሰማሁም» አለ በመጨረሻ። «አንድም ቀን አልሰማሁም። ሁለቱም ተያይዘው መጥተው ‹የለም› ማለት ከበደኝ።»

መምህሩ ከት ብለው ሳቁ። ሲስቁ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

ቁልፉ ልጅቷ ኪስ ቀረ፤ መሐላ መሐላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልኬት የሚፈልግ ከእሷ ጋር ወደ ከባድ መኪናዎቹ ሜዳ ይሄዳል፣ እቅጩን ሰምቶ ይመለሳል። ካቻቪቴዋን ግን ያን ዕለት ራሷ ከምስማሩ አውርዳ ለአባቷ ሰጠችው። «የማልከው አንተ ራስህ ላትነካት ነው፤ አሁን ግን እኔ ነኝ ያቀበልኩህ» አለችው፤ ይህ ውሃ እንደማያነሳ ሦስቱም ያውቃሉ።

ወረዱ። ጆሮ መሪው ላይ፣ መምህሩ ከጎኑ፣ ልጅቷ ከኋላ። ጆሮ ረገጠ። ፀጉር ቤቱ አለፈ። ፋርማሲው ጋ ሲደርሱ «ስንት ይላል?» ብሎ ጠየቀ፤ ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«ስልሳ» አሉ መምህሩ።

ከዚያ ባዶ ሆነ። ጆሮም ተሰማው፣ ልጅቷም ተሰማት፤ አንድ ቃል ጎድሏል። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ቦታ ላይ ሲጎድል ኖሯል። መስታወቱ ላይ ሣጥኗ «አይጸናም» እያለች ቀይ ታበራለች። ልጅቷ እጇን ሰዳ ነቀለቻት፣ ኪሷ ከተተቻት፣ የመምህሩን ወንበር በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች።

«በረረች!» ብላ ጮኸች።

መምህሩ ዞረው አላዩም። እጃቸውን በትከሻቸው ላይ አሳልፈው ወንበሩን የያዘውን እጇን መታ መታ አደረጉት። ታች ፍራፍሬ ሻጯ ምን ይዘው እንደመጡ ለማየት ብላ እግሯን ዘርግታ ትጠብቃለች።

አውራ ጎዳናው እንደ ወትሮው ተዘግቷል። ሲንፏቀቁ፣ ሲቆሙ፣ ሲንፏቀቁ ቆዩ። ብዙ ከቆዩ በኋላ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መቼም ከሁለት ወር በኋላ ጢቅ ጢቅ ማለቷ አይቀርም» አሉ።

ጆሮ ዓይኑን ለአፍታ ጨፈነ።

«አሁን ራሱ ይሰማኛል» አላቸው።