የአላፊ አግዳሚው ጋን

ልጅ ሳሉ ጦርነት ከመንደራቸው ሲያባርራቸው ነፍሳቸውን ያተረፈው ከማያውቁት ሰው ደጅ፣ ለመንገደኛ ከተቀመጠ ጋን የጠጡት ውሃ ነው። ዛሬ አሮጊቷ በሜኮንግ ወንዝ ዳር የራሳቸውን ጋን የዝናብ ውሃ ሞልተው ለአላፊ አግዳሚው ደጃቸው ላይ ያኖራሉ።

ዘንድሮ ግን ባሕሩ ከፍ ብሎ ጨዋማ ውሃውን ወደ ወንዙ ሽቅብ ገፍቷል፤ ዝናቡም ገና ሩቅ ነው። ጀልባ ቀዛፊው ኪየም ወደ ደጁ ሲጠጋ፣ አሮጊቷ ጣታቸውን ወንዙ ውስጥ ነክረው ቀመሱና ወዲያው ተፉት። አፋቸውን በአንገት ልብሳቸው ጠርገው ጋኑን መታ መታ አደረጉት። ድምፁ እታች ጥቂት ውሃ ብቻ እንደቀረ ነገራቸው።

«እማማ፣ የጋኑን ክዳን ይቆልፉት አልኩ እኮ» አለች ምራታቸው ከቤት ውስጥ። «መንገደኛው ሁሉ ጠጥቶብን ሲሄድ፣ ልጆቹን የወንዙን ጨው ልናጠጣቸው ነው?»

ኪየም ይህን ሰምቶ፣ «እኔስ አልጠማኝም» ብሎ መቅዘፊያውን አነሳ። ከንፈሩ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

አሮጊቷ ከጋኑ ሥር የቀረውን በኮኮናት ቅርፊት መጠጫ ቀድተው፣ ጠብታ እንዳይፈስ በሁለት እጃቸው ይዘው አቀበሉት።

«ጠጣ ልጄ። ፈርቻለሁ፤ እንቅልፍም የለኝ። ግን በዕድሜዬ ከተሰጠኝ ሁሉ የማልረሳው፣ የማን ልጅ ነሽ ሳልባል የጠጣሁትን ውሃ ነው።»