ከሳጥኑ አናት የወረዱት ቅዱስ ጴጥሮስ

ባለቤቴ ሊሳንድሮ ኤቼ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወሬ አያበዛም ነበር። ሥራው የሞተር መቆጣጠሪያ ሳጥን መሥራት ነበር። በሴቹራ የባሕር ዳርቻ ሰው ሁሉ የሽቦ አሠራሩን ያደንቅለታል። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ሙቀት ማስላቱ ነው።

አንድ በጋ የመንደራችን በረዶ መሥሪያ ማሽን ቀትር በደረሰ ቁጥር እየጠፋ አስቸገረን። ጀልባዎቹ ዓሣ ጭነው የሚገቡት ደግሞ ያን ጊዜ ነው። በረዶ ከሌለ ዓሣው ይሸታል፣ መንደሩም ጦሙን ያድራል። የዓሣ አጣቢዎቹ አለቃ፣ ሁሉም «ዶኛ» እያለ የሚያከብራቸው ሶራይዳ፣ መላ ያሉትን አደረጉ፦ የማሽኑ መቆጣጠሪያ ሳጥን አናት ላይ ወፍራም ጨርቅ አንጥፈው የዓሣ አጥማጆች ጠባቂ የሆኑትን የቅዱስ ጴጥሮስን ሐውልት አቆሙና ዙሪያውን ሻማ አበሩ። ማሽኑ ጭራሽ ባሰበት።

ሊሳንድሮ መጥቶ ሳጥኑን ዞሮ ለካ። ሙቀት የሚወጣባቸውን ጎኖቹን ስፋት መሬቱ ላይ በጠመኔ መደመር ጀመረ።

«ጀርባውን ረሳኸው» አልኩት።

«ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በምን ይተንፍስ? አይቆጠርም። ዋናው መተንፈሻው አናቱ ነበር፤ እሱም ተይዟል።»

ዶኛ ሶራይዳ ሰሙ። «አንተ፣ ጥፋቱን በቅዱሱ ልታላክክ ነው?»

«ኧረ እሳቸው ምን አደረጉ! በዚህ ሐሩር ሳጥኑን ብርድ ልብስ ያለበሱት እርስዎ ነዎት። ሻማውም እያንዳንዱ እንደ ድሮ አምፖል ያግላል።»

«ታዲያ ብሳው፣ ነፋስ ይግባበት።»

«የባሕሩ ጨው አብሮ ይገባና ሽቦውን ይበላዋል። እንደተዘጋ ነው መብረድ ያለበት። አሁን ቀትር ላይ ውስጡ ስድሳ ዲግሪ ገደማ ይደርስና ማሽኑን ያጠፋዋል። ከተሳሳትኩ ቅዱሱ ካሉበት አይነቃነቁም።»

«ነቢዩ መጣላችሁ» አሉ ዶኛ፤ ሴቶቹ ሳቁ።

ቴርሞሜትር ውስጡ አስቀምጠን ዘጋነው። ቀትር ላይ ማሽኑ ጸጥ ሲል ሳጥኑን ከፍተው ያነበቡት ራሳቸው ዶኛ ሶራይዳ ናቸው። ስድሳ አንድ። የሳቀ የለም። አማተቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቅዱሱ ቢወርዱስ?» አሉት።

«ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ካራቅነው፣ አርባ ስምንት ቢሆን ነው። ያንን ይችለዋል።»

ዶኛ ሶራይዳ ቅዱሱን ታቅፈው ወሰዱና ባሕሩን የሚያይ ደጃፍ ላይ አስቀመጧቸው። እኛም ጨርቁንና ሻማውን አንሥተን ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅነው።

በማግስቱ ቀትር ሁላችንም ማሽኑን ከበን ቆምን። አልጠፋም። ጀልባዎቹ ገቡ፣ በረዶው እየተፈለጠ ዓሣው ላይ ፈሰሰ። እኔ ቀረብ ብዬ መዳፌን ከሳጥኑ አናት በላይ ዘረጋሁ። ባሌ ሳያየው በጠመኔ የቆጠረው ሙቀት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣ ነበር።

ሳጥኑ ዛሬም እዚያው አለ። በዚያ ሳልፍ ገባ ብዬ እጄን እዘረጋበታለሁ።