በምሳ ሰዓት የሚቆመው ኮምፒውተር

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ጌም የምትጫወትበት ኮምፒውተር እየጋለ እየጠፋ አስቸገራትና እንዳየው ጠራችኝ። ጎኑን ፈትቼ ማራገቢያውን በብሩሽ ሳጸዳ የጋለ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሳላስበው አሶሳ ተመለስኩ።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። መሥሪያ ቤታችን ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አጥሩ ቀርከሃ፣ ክፍሎቹም ሦስት ብቻ። ያን ዓመት አንድ ኮምፒውተር በጭነት መኪና ከአዲስ አበባ መጣልን፤ የነቀምቴን መንገድ የሚያውቅ ሰው እንዴት እየተንገጫገጨ እንደደረሰ ይገባዋል። ሥልጠና የወሰድኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ማሽኑ ለእኔ ተሰጠ። በየወረዳው የሚመደቡትን መምህራን ስም ዝርዝር እጽፋለሁ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ቶለሺ፣ የባምባሲ ልጅ፣ ረፋዱ ላይ የራሷን ሥራ ጨርሳ ትመጣና የእጅ ጽሑፉን ታነብልኛለች።

ማሽኑ ጠዋት ደህና ይሠራል። ስድስት ሰዓት ገደማ ግን ቀጥ ይላል፤ ያላስቀመጥኩት ሁሉ ይጠፋል። መብራቱ ይሆን ብዬ ነበር፤ መብራቱ ደህና ነው። ዲስኬት ቀየርኩ፤ ያው ነው። በሚያዝያ ሙቀት ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ከደጅ የበሰለ ማንጎ ይሸታል፣ እኔ ላብ በላብ ሆኜ ዝርዝሩን እንደገና እጀምራለሁ። መንጌ ወረዳ ላይ መምህር የሚጠብቁ ልጆች ነበሩ።

ኃላፊያችን አቶ ሙሳ የዚያው የመንጌ ሰው ናቸው። አማርኛን የለመዱት አድገው ስለሆነ ሴቱንም በወንድ ይጠራሉ።

"ወላሂ፣ ይሄ ማሽን ምን ሆነ? ጠዋት ይሠራል፣ ቀን እምቢ ይላል?" አሉኝ።

በእፍረቴ መሃል፣ ማሽኑ የሚቆመው ሁልጊዜ ቶለሺ አጠገቤ ስትሆን መሆኑ ታየኝ።

"ቶለሺ ሳትነካካው አትቀርም" አልኩ።

"ሲነካ አየህ አንተ?"

ዲስኬቱን አውጥቼ መልሼ ከተትኩ። ዝምታዬን እንደ አዎንታ ወሰዱት። በሳምንቱ ቶለሺ ወደ ባምባሲ ተዛወረች።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ማሽኑ ብቻዬን በተቀመጥኩበት ቆመ። ካቻቢቴ ከሹፌራችን ተውሼ ፈታሁት። የማሽኑ አንጎል በሆነው ፕሮሰሰር ላይ አንዲት የአሉሚኒየም ቁራጭ አለች። ነካኋት፤ ቀዝቃዛ ናት። ከሥሯ ያለው ፕሮሰሰር ግን ጣቴን ለበለበኝ። የተነባበሩ ነገሮች፣ አንዱ እሳት ሆኖ ሌላው እንዴት ይቀዘቅዛል? ደጋግሜ ነካካሁ፣ አልገባኝም። ጎንበስ ብዬ ሳይ በአንድ በኩል መያዣዋ ወልቋል፤ ሙቀቱን መሳብ ሲገባት ሳትነካው ተንጠልጥላለች። ለካ ማሽኑ የሚቆመው የቀትሩ ሙቀት ሲጨመርበት ነው። ያላቀቃት መንገዱ ነበር። ተጭኜ አስገባኋት። ማሽኑ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሠራ፤ ዝርዝሩም ታትሞ መንጌ ሄደ።

ለአቶ ሙሳ እውነቱን ነገርኳቸው። "ከፈለገ ይመለስ። አንተ ሂድ፣ ንገር" አሉ።

ቅዳሜ በአይሱዙ ባምባሲ ወረድኩ። ቶለሺ እናቷ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ነበር።

"ማሽኑ ተሠራ። ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም።"

"እሱንማ አውቃለሁ" አለችና ማንጎ አጥባ ሰጠችኝ።

"መመለስ ትችያለሽ ብለዋል።"

"ላኪ፣ አይ" አለች ኦሮምኛ ቀላቅላ፣ "አልመለስም። እናቴ ጋ ደህና ነኝ። ግን አጠገብህ ተቀምጬ ስውል፣ እኔን መጠየቅ እንዴት አቃተህ?"

ከዚያ ሳቀች። የይቅርታ ሳቅ ይሁን የንቀት ሳልለይ፣ ማንጎውን በእጄ እንደያዝኩ ተነሥቼ ሄድኩ።

የልጄን ኮምፒውተር ገጥሜ ስጨርስ "አባዬ፣ ይሄን ማን አስተማረህ?" አለችኝ። "ሥራ ነው" አልኳት። ስንት ማሽን ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ የቶለሺን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልመለስኩም።